የዙሌሚ እህት

«እህት ልጅ ማስወጣት አትችልም» አለች መምህርቷ። ክፋት የሌለበት፣ የለመደ ድምፅ ነበር። በአንድ እጇ የትምህርት ቤቱን የብረት በር ይዛ፣ በሌላው የሚገቡትን ሕፃናት አናት እየነካች ነበር የምትናገረው። «ከዕረፍት በኋላ ከፈለጋችኋት ወይ እናቷን ላኪልኝ፣ ወይ አባቷ ይምጡ። ደንቡ ነው የኔ እመቤት፣ ቅር አይበልሽ።» የተባለው ለኔይፊ ነው፤ የትንሿን የዙሌሚን እጅ ይዛ በሩ ፊት ቆማለች። ዶን ኢላሪዮ የትንሿን ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው ከኋላዋ ቆመው ነበርና ሁሉንም ሰሙ። ማንም ሳይጠራቸው ራመድ ብለው «እኔ እመጣለሁ» አሉ። የመምህርቷ ፊት በራ። «ይኸው! አባት እያለ ምን ያስጨንቃል?» ዙሌሚ ምሳ ዕቃዋን ከእጃቸው መንጭቃ «ቻው አባዬ! ቻው ኔይፊ!» ብላ ወደ ግቢው ሮጠች። አንዱ ካልሲዋ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ወርዷል። ኔይፊ ልትስብላት ጎንበስ ብላ ነበር፤ ልጅቷ ግን ሄዳለች። እንዳጎነበሰች ትንሽ ቆይታ የራሷን ጫማ ማሰሪያ የምታስር መሰለች።

ወደ ቤት ጎን ለጎን ተመለሱ። ግንቦት ነው። በሜሪዳ ከተማ በግንቦት ዝናቡ መጣ እየተባለ አይመጣም፤ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ከአስፋልቱ ላይ እየተነሳ መንገዱን ያርገበግበዋል፤ ሰው ከሩቅ ሲመጣ እግሩ መሬት የነካ አይመስልም። ውሾቹ ከአንዱ አጥር ጥላ ወደ ሌላው እየተጎተቱ ይሄዳሉ። ዶን ኢላሪዮ በዚህ ወር ሁልጊዜ ግማሽ ሕልም ውስጥ ናቸው፤ ያሰቡትንና ያለሙትን መለየት ያቅታቸዋል። የመምህርቷን ቃል ግን በደንብ ለይተውታል፤ «አባት እያለ» ብላለች። ይህችን ቃል እንደ ከረሜላ በአፋቸው እያገላበጡ ከልጃቸው ከኔይፊ ጎን ሄዱ። የልጃቸውን ፊት አላዩትም። ላየው ቢሉ ዞር ማለት ብቻ ነበር የሚበቃቸው።

በመዝገብ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። የዙሌሚ አባት ኢላሪዮ ኩፑል፣ እናቷ ላንዲ ፖት፣ ታላቅ እህቷ ኔይፊ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ዙሌሚን የወለደቻት ኔይፊ ናት፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ። ሕፃኗ ያለ ጊዜዋ መጣች፣ ሳንባዋም አልጸና አለ። ዶን ኢላሪዮ ያኔ የክር ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ፤ የፋብሪካው የጤና መድን ሚስትንና ልጅን ያሳክማል፣ የልጅ ልጅን ግን አያውቅም። ያስረገዛት ልጅ ዊልበርት ካንኩን ሄዶ ለሆቴል ግንባታ ብሎኬት ይሸከም ነበር፤ አፉ ገና ወተት ወተት የሚል ጎረምሳ ነው፣ ስልኩም አይነሳም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብለው ዶን ኢላሪዮ ወደ ክብር መዝገብ ቢሮ ሄዱና «ልጄ ናት» አሉ። ይህን ያደረጉት የመጀመሪያው አያት እሳቸው አይደሉም። በከተማዋ ደቡብ ሰፈሮች እናቱን በስሟ እየጠራ የሚያድግ ልጅ በየመንገዱ ሞልቷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ እያወቀ ሆድ ይፍጀው ይላል። ውሸት አንዴ ከተጀመረ ሙሉውን መኖር ነው ብለው የቤቱን ሕግ ያወጡትም ዶን ኢላሪዮ ናቸው። እሳቸው አባዬ፣ ላንዲ እማዬ፣ ኔይፊ ደግሞ ኔይፊ። ዙሌሚ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ሕግ ኖራለች፤ ተንፍሳለች፣ ወፍራለች፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል።

ዊልበርት የዛሬ ሁለት ዓመት ተመለሰ። ባለጌ ሆኖ ቢመለስ ነገሩ ባላስቸገረ፤ ደህና ሰው ሆኖ ተመለሰ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ኔይፊን በማዘጋጃ ቤት አገባ፣ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ቀለም ቀብቶ ገባባት። ለዙሌሚ በየሳምንቱ መጨረሻ አደባባዩ ላይ በጋሪ ከሚሸጠው ሰው አይብ የተጠቀለለበትን ደረቅ ቂጣ ይገዛላታል፤ እሷም «ዊል» ትለዋለች፤ የእህቷ ባል ነዋ። አሁን ፕላያ ዴል ካርመን የሆቴል መዋኛ ገንዳ የሚጠብቅበት ቋሚ ሥራ አግኝቷል። ትምህርት ሲዘጋ ኔይፊን ይዞ ይሄዳል። ዙሌሚን ይዞ ለመሄድ ግን በሕግ ምኗም አይደለም። ስለዚህ አባትነቴ ይታወቅልኝ ብሎ ከሰሰ። ከሳሽ ዊልበርት ፔች፣ ተከሳሾች ኢላሪዮ ኩፑልና ላንዲ ፖት። መጥሪያው ሲመጣ ተከሳሹ ገላቸውን እየታጠቡ ስለነበር በሩ ላይ የተቀበለው ራሱ ከሳሹ ነው። እንዳይረጥብ ብሎ ከምሳ ሳህናቸው ሥር አስቀመጠላቸው።

ችሎቱ ዛሬ ነው፤ የመንግሥት ጠበቃዋ ባለፈው ሳምንት ሁሉንም ሰብስባ አስረድታለች። ዶን ኢላሪዮ ዳኛው ፊት «አባቷ አይደለሁም» ካሉ ነገሩ የዚያኑ ዕለት ያልቃል። «ነኝ» ካሉ ግን የዲኤንኤ ምርመራ ይታዘዛል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ አንድ ዓመት ይፈጃል፣ ሁለትም ሊፈጅ ይችላል። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ምን ይላሉ ብሎ የጠየቃቸው ግን አንድም ሰው አልነበረም፤ ምን እንደሚሉ የታወቀ መሰላቸው። ዶን ኢላሪዮ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ነኝ» ለማለት ወስነው ለማንም አልተናገሩም። ለመርታት አይደለም። እውነትና ንጋት እያደር እንደሚጠራ ያውቃሉ፤ እሳቸው የፈለጉት ያንን ማደሩን ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የዙሌሚ ጥርስ ይበቅላል፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ የመጀመሪያ ቁርባኗን ትቀበላለች። አንድ ዓመት ለእሳቸው ዕድሜ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቤት ሲደርሱ ላንዲ ቦሎቄውን ጥደውታል። ሰኞ ነው፤ ሰኞ ቦሎቄ በአሳማ ሥጋ የማይበላ ቤት በመንገዱ ላይ የለም። «አሳማው ኪሎው መቶ ሠላሳ ፔሶ ገባ» አሉ ላንዲ ከድስቱ ሳይዞሩ። «አጥንቱን እንኳን ሳይቀር መዝኖ ነው የሚሸጥልኝ ያ ሌባ።» ኔይፊ ሽንኩርት አንስታ መክተፍ ጀመረች። ላንዲ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ አንድ ነገር ሊሉ ብለው ጨው ጨመሩ። በዚህ ቤት ጨው የሚበዛው ንግግር ሲያጥር ነው። ዶን ኢላሪዮ ወደ ፊተኛው ክፍል ሄዱ። ከፋብሪካው በጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰፈሩን ቬንቲሌተር የሚጠግኑት እዚያ ነው፤ በግንቦት ክፍሉ የሕሙማን ክፍል ይሆናል። አንገቱ የላላ፣ ክንፉ የተሰበረ፣ እየዞረ የሚያቃስት፣ ሁሉም በየወንበሩና በየመስኮቱ ተደርድሯል። የዳኑትን አምስት ስድስቱን አንድ ላይ ከፈቷቸው፤ መዳናቸውን ለመፈተሽ ነው ይበሉ እንጂ ድምፁን ስለሚወዱት ነው። ከዚያ ከግድግዳ ግድግዳ በተዘረጋው የክር መረብ መኝታ ላይ ተጋደሙ። ከተማው ሁሉ የሚተኛው እንደዚህ ተንጠልጥሎ ነው፤ አንድ እግር መሬት እየነካ፣ ቀስ እያለ እየተወዛወዘ።

እንቅልፍ ይሁን ሰመመን አያውቁትም። ዝናቡ በመጨረሻ የመጣ መሰላቸው። መንገዱ ወንዝ ሆኗል፤ ላንዲ ልብስ የሚያጥቡበት ሰማያዊ ሳፋ ላይ ዙሌሚ ተቀምጣ በጭልፋ እየቀዘፈች ትሄዳለች። ከወዲያኛው ዳር አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቃታል፤ ፀሐዩ ዓይናቸውን ስለወጋቸው ማን እንደሆነ አልታያቸውም። ወንድ ነው አሉ በልባቸው፤ ያ ጎረምሳ ነው። ተመለሺ ብለው ሊጮሁ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የወጣው የቬንቲሌተር ድምፅ ነው፣ እህህህ የሚል፣ ሰውን የሚያስተኛ። ዙሌሚ ዞር ብላ አየቻቸውና እጇን አወዛወዘች። ደስ ብሏት ነበር። ይህ ከሁሉ በላይ ከፋቸው። ሲነቁ አንገታቸው በላብ ርሷል፤ ዊልበርት አዲስ ነጭ ሸሚዝ በመስቀያ ይዞ ከራስጌያቸው ቆሟል። ሸሚዙን ለዛሬ ብሎ የገዛላቸው እሱ ነው፤ ተከሳሹ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ከሳሹ ያለበሰውን ለብሶ ነው።

«ዶን ኢላሪዮ፣ ሰዓቱ ደርሷል። ሸሚዝዎ ተተኩሷል።»

«ማን ተኮሰው?»

«እኔ።»

«ኮሌታውን አሳርረኸዋል በለኛ።»

«አላሳረርኩትም፣ ይዩት።» ሸሚዙን ወደ ብርሃን አዞረው። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ «እኔኮ ጠላትዎ አይደለሁም» አለ።

«ጠላት ብትሆንማ መች ቸገረኝ» አሉ ዶን ኢላሪዮ ከመረቡ ለመውጣት እየታገሉ። «ጠላትን ሰው ይጠላል፣ ይገላገላል።»

ዊልበርት እጁን ዘረጋላቸው። ሳይፈልጉ ያዙትና ተነሱ። «እናንተ ከሳሽና ተከሳሽ!» የሚል የላንዲ ድምፅ ከጓሮ መጣ። «ፍቅራችሁን ስትጨርሱ ጋዙን አጥፉልኝ! ቦሎቄው ካረረ ሁለታችሁንም የምከሳችሁ እኔ ነኝ!»

ዙሌሚን ከትምህርት ቤት ያወጧት ዶን ኢላሪዮ ናቸው። መምህርቷ ባመለከተቻቸው ቦታ ላይ «አባት» በሚለው ትይዩ ስማቸውን ጻፉ። ኔይፊ ከመንገዱ ማዶ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማ ጠበቀች። በአውቶቡሱ የአምስቱንም ዊልበርት ከፈለ። ዙሌሚ ከክፍል በማምለጧ ተደስታ ለሁሉም ስትለፈልፍ ቆየችና ዶን ኢላሪዮ ጭን ላይ ተኛች፤ ለጭን ከብዳለች፣ እግሮቿ ተንጠልጥለው መተላለፊያውን ዘግተዋል። የላቧ ሽታ የእርሳስና የብስኩት ነው። አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ ጭንቅላቷን በመዳፋቸው እየደገፉ ቃላቸውን አለማመዱ። ነኝ። አንዲት ቃል ናት፤ ከምላስ ጫፍ ትወጣለች፣ ጉልበት አትጠይቅም። ነኝ፣ ጌታዬ። ከፊታቸው ካለው ወንበር የኔይፊ ማጅራት ይታያቸዋል፤ ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ አስራዋለች፣ ከጆሮዋ ሥር አንዲት የላብ ነጠብጣብ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ኔይፊንም እንዲህ ጭናቸው ላይ አስተኝተው በዚህ መስመር ወስደዋታል። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደነበር ሊያስታውሱ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም። ዙሌሚ ከተወለደች ወዲህ ስለ ኔይፊ ያሰቡት ሁሉ ስለ ዙሌሚ ነበር።

ችሎቱ ከውጭው ጋር ሲነጻጸር ሌላ አገር ነው። አየሩ በማሽን ቀዝቅዞ ላባቸው ከነሸሚዙ ጀርባቸው ላይ ደረቀ፤ ብርድ ብርድ አላቸው፣ ድምፅ ሁሉ ከውኃ ሥር የሚመጣ መሰላቸው። አንዲት ሴትዮ ዙሌሚን በቀለም እርሳስ አባብላ ወደ ሌላ ክፍል ወሰደቻት። ዳኛው ወፈር ያሉ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ የሚንሸራተት ሰው ናቸው። መጀመሪያ ላንዲን አስነሱ።

«ሕፃን ዙሌሚን የወለዱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ?» አሉ ላንዲ። «ማህፀኔን ካወጡልኝ በኋላ እኮ ነው የተወለደችው፣ ጌታዬ! በምኔ ልውለዳት?»

ጸሐፊዋ አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ዳኛውም ሳል መጣባቸው። «ታዲያ ለምን ወለድኩ ብላችሁ አስመዘገባችሁ?»

«እንድትተነፍስ ነዋ» አሉ ላንዲ። አሁን የሳቀ የለም። ዳኛው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ስለዚያ የሚጠየቅ እንደሌለ ተናገሩና ላንዲን አስቀምጠው ኔይፊን ጠሩ። ለሕፃኗ ምኗ እንደሆነች ጠየቋት።

«በመዝገቡ እህቷ።»

«መዝገቡ እኔም ጋ አለ። እሱን ተይው፣ አንቺ ንገሪኝ።»

ኔይፊ የቀሚሷን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ አባቷ አየች። ዶን ኢላሪዮ መጀመሪያ እንድትረዳቸው የምትለምናቸው መሰላቸው፤ ቀጥሎ ግን ገባቸው። ፈቃድ እየጠየቀች ነው። ስድስት ዓመት በቤቱ ውስጥ ያልተባለውን ቃል ለመናገር፣ ሕጉን ካወጣው ሰው ፈቃድ እየጠበቀች ነው።  ኔይፊ ግን ብዙ አልጠበቀቻቸውም።

«እኔ ነኝ የወለድኳት» አለች። ድምፅዋ በጣም ዝቅ ስላለ ጸሐፊዋ መተየቧን አቁማ አንገቷን አሰገገች። «የማጠባት ስትተኛ ነበር። ስትነቃና ዓይኗን ስትገልጥ ለእናቴ እሰጣታለሁ፣ እንዳትለምደኝ ብዬ። አፏን ስትፈታ ‹እማ› ያለችው እኔን ነው። ‹አይደለሁም፣ ኔይፊ በይ› እላታለሁ። እንቢ ትላለች። ‹ኔይፊ በይ› እላታለሁ። በመጨረሻ ለመደችው።» ሌላ የምትጨምረው ያለ መስላ ቆመችና «ጎበዝ ልጅ ናት» ብላ ተቀመጠች። ዊልበርት እጇን ሊይዝ ብሎ ተወው። ላንዲ በመሐረባቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሚስታቸው ይህን ሁሉ ሲያዩ የኖሩ መሆናቸውን ዶን ኢላሪዮ ያን ጊዜ አወቁ፤ እሳቸው ለዚያ ሁሉ ዓመት ከፊተኛው ክፍል ሆነው ቬንቲሌተር ሲያዳምጡ ነበር።

«ዶን ኢላሪዮ ኩፑል።»

ተነሱ። ወለሉ ከእግራቸው በታች ራቀባቸው። እውነትም ከውኃ ሥር ያሉ መሰላቸው፤ የዳኛው አፍ ሲንቀሳቀስ ያዩና ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳቸዋል። የሕፃን ዙሌሚ አባት እርስዎ ነዎት? ቃሏ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ተዘጋጅታ ቆማለች፤ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ጸሎት ደጋግመዋታል። ነኝ ቢሉ ዓመቱ የእሳቸው ነው። ነገ ጠዋት በብረቱ በር የሚገቡት እሳቸው ናቸው፣ ከነገ ወዲያም። ይህን ዓመት ከጎረምሳው ላይ የሚወስዱት ይመስላቸው ነበር። ወደ ልጃቸው ዞሩ። ኔይፊ አታያቸውም፤ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች፣ የሚባለውን ለመቀበል የለመደ ሰው የሚቀመጠውን አቀማመጥ።  ይህችም እኮ ልጄ ናት አሉ በልባቸው፤ እና በልባቸው ብቻ ያሉት መስሏቸው ነበር።

«ምን አሉ?» አሉ ዳኛው።

«የኔይፊ አባት ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅኩዎትም።»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ። ግን የሆንኩት እሱን ነው። አባትነቴ ለዚህችኛዋ ነው።» ፊታቸውን ወደ ዳኛው መለሱ። «ሕፃኗ የእሷ ናት። የእሷና የዚህ» ብለው ዊልበርትን በአገጫቸው አመለከቱ። «እኔ አባቷ አይደለሁም።»

ጸሐፊዋ መታችው። አጭር ነው፤ የቁልፎቹ ድምፅ ወዲያው አለቀ። ሰው እውነት ሲናገር ይቀለዋል ይላሉ፤ ዶን ኢላሪዮን አልቀለላቸውም። ቤት ሲለቁ ዕቃው ወጥቶ ያለቀበት ክፍል ዓይነት ባዶነት ደረታቸው ውስጥ ተሰማቸው፣ ሲተነፍሱ የሚያስተጋባ። ዳኛው ስለ አዲስ የልደት ምዝገባ፣ ስለ ወላጅ ኃላፊነት፣ ስለ ስም አንድ ሁለት ነገር አነበቡ። ዙሌሚ ፔች ኩፑል። ቆንጆ ስም ነው ብለው አሰቡ።

ኔይፊና ዊልበርት ሊፈርሙ ሲገቡ ሁለቱ አሮጊትና ሽማግሌ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጡ። ላንዲ የባላቸውን ጉልበት መታ መታ አደረጉና እጃቸውን እዚያው ተዉት። ቆይተው ኔይፊና ዊልበርት ወጥተው መስኮቱ አጠገብ ቆሙ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ዙሌሚን ይዛ መጣች። የልጅቷ ጣቶች በቀለም ተለውሰዋል። ለእሷ ገና ማንም አልነገራትም፤ እንደ ወትሮዋ እየሮጠች መጥታ ዶን ኢላሪዮ ጭን ላይ ወጣች።

«አባዬ፣ ጨረስን? ርቦኛል።»

«ጨርሰናል» አሉ። ትንሽ አቀፏት፤ አጥብቀው አይደለም። «ሂጂ ለእናትሽ ንገሪያት።»

ዙሌሚ ከጭናቸው ተንሸራታ ወረደችና ወደ ላንዲ ዞረች። «እማዬ፣ ርቦኛል።» ላንዲ ከንፈራቸውን ነክሰው ባላቸውን ብቻ አዩ። ዶን ኢላሪዮ ከመቀመጫቸው ጎንበስ ብለው የልጅቷን ትከሻዎች በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ትንንሽና ትኩስ ነበሩ። ቀስ አድርገው ወደ መስኮቱ አዞሯት።

«ወደዚያ» አሉ።

ዙሌሚ አየች። መልሳ ወደ እሳቸው ቀና አለች፤ አባቷ የተሳሳቱ መስሏት በጨዋነት ልታርማቸው ፈለገች። «ኔይፊ እኮ ናት።»

«አዎ» አሉ ዶን ኢላሪዮ፣ እጃቸውን ከትከሻዋ ላይ እያነሱ። «እሷ ናት። ሂጂ።»